ዘረ መሉ ሳይጠፋ ሲዘጋ፦ የጡት ካንሰር እና የሆርሞን ተቀባይ

የጡት ዕጢ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ሲላክ ከሚነሱት ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ ሕዋሳቱ የኤስትሮጅን ተቀባይ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲያርፍበት ሕዋሱ እንዲባዛ ያነሳሳል። ታሞክሲፊን የተሰኘው እንክብል ይህንን ሥፍራ ቀድሞ በመያዝ ሆርሞኑን ያግዳል። ተቀባይ ከሌለ ግን የሚያዝ ሥፍራ የለም። በሽታውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ተቀባዩ የታጣው ዘረ መሉ ስለጠፋ ነው ብሎ መገመት ይቀናል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ዕጢዎች ውስጥ ግን ኢኤስአር1 የተባለው የተቀባዩ ዘረ መል በቦታው አለ። በከፊሎቹ ላይ የሚታየው፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራው ሜቲል የተሰኘ ቅንጣት በዘረ መሉ መነሻ ላይ ተደርድሮ እንዳይነበብ ማድረጉ ነው። የዲኤንኤን ፊደላት ሳይነካ ንባቡን የሚለውጥ እንዲህ ያለ ሂደት ኤፒጄኔቲክ ለውጥ ይባላል።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1994 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህንን ምልክት ተቀባይ በሌላቸው የካንሰር ሕዋሳት ላይ ማግኘታቸውን ገለጹ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሜቲሉን የሚያራግፍ ኬሚካል ሲጨመር ዘረ መሉ ዳግም መሥራት እንደጀመረ አሳዩ። ይህ የሆነው ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እንጂ በታካሚ ሰውነት ውስጥ አልነበረም።

ምልክቱን በመለካት የታካሚዋን ዕጣ መተንበይስ ይቻላል? የጥናቶቹ ውጤት አይጣጣምም። ተቀባይ የሌላቸው ዕጢዎች ሁሉ ምልክቱ የለባቸውም፤ ተቀባይ ባላቸው አንዳንድ ዕጢዎች ላይም ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬም የሚመሩት ፕሮቲኑን በቀለም በሚያሳየው ምርመራ ነው። ከዕጢው ሕዋሳት 1 በመቶው እንኳ ቀለሙን ከያዘ ዕጢው ተቀባይ እንዳለው ይቆጠራል።

በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ ችግር ይኸው ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች አለመኖሩ ነው። በ2014 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ተቀባዩ ነበራቸው፤ ታሞክሲፊን ሊጠቅማቸው የሚችሉ ሴቶች ብዙ ናቸው ማለት ነው። ምርመራው ባለበትም ቢሆን ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ያለው ተቀባይ እንደሌለ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ይህ ሲሆን ታካሚዋ መድኃኒቱን የምታጣው ዘረ መሉ ተዘግቶ ሳይሆን ናሙናው መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው።