ከኪቢሽ አጽም እስከ ስምጥ ሸለቆ ውኃ፦ አጥንትን በጋራ የማጥናት ታሪክ



እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ አጥንት የሐኪም ጉዳይ ነው የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም። ሆኖም ጂንካ ላይ ቆሞ ስለ አጥንት የማይናገር የታሪክ መምህር በደጁ ያለውን ሰነድ ሳያነብ እንዳለፈ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ወደ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ ዘለቁ። በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያ ቡድን በኪቢሽ ሲሠራ፣ ካሞያ ኪሜኡ ዛሬ «ኦሞ አንድ» የምንለውን አጽም አገኘ። አጥንቱን የሰውነት አወቃቀር ምሁሩ ማይክል ዴይ መረመረ፤ ደለሉን ካርል ቡትዘር አጠና፤ ዕድሜው ከወንዝ ዛጎሎች ተለክቶ 130,000 ዓመት ገደማ ተባለ። ዛጎል ግን ለዚህ ዓይነቱ ልኬት እምብዛም የማይታመን ምስክር ነው፤ ጥርጣሬው ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

ቋጠሮውን የፈታው አመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማክዱጋል፣ ብራውንና ፍሊግል ከአጽሙ ሥር ያለውን የእሳተ ገሞራ ንብርብር በአርጎን ለክተው 195,000 ዓመት አሉ። በስፍራው ዳግም በተካሄደው ፍለጋ ከተገኙት ስብርባሪዎች አንዱ በ1967 ከተለቀመው የጭን አጥንት ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። (ይህን ባነበብሁ ቁጥር ይደንቀኛል።) በ2022 ደግሞ ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦቿ፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ምሁር አስፋወሰን አስራት፣ ከአጽሙ በላይ ያለው አመድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑን አሳዩ፤ የአጽሙም ዕድሜ ቢያንስ ወደ 233,000 ዓመት ከፍ አለ።

ይኸው የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ በሕያዋንም አጥንት ላይ ጽፏል። የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን እጅግ ሲያልፍና ለዓመታት ሲጠጣ፣ ጥርስ ይበልዛል፤ ቆይቶም አከርካሪ ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች መካከል በዚህ ሳቢያ ሽባ የሆኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ በሽታው በስምጥ ሸለቆ ያጠኑትን ካሳተሙት ቀዳሚው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። የአጥንት በሽታ የነርቭ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ባጋጣሚ አይደለም፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም የሚሄደው እግሩ አልታዘዝ ሲለው ነው።

ሐኪሙ ግን አንዴ የደደረውን አከርካሪ አይመልስም። መከላከያው ውኃው ላይ ስለሆነ ነገሩ ወደ ኬሚስቱና ወደ ውኃ መሐንዲሱ ይሻገራል። በአገራችን ከተሞከሩት ማጣሪያዎች አንዱ የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ የእንስሳ አጥንት የሰውን አጥንት ይታደጋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአጥንት ላይ ያለፈ ውኃ ልጠጣ ወይስ አልጠጣ ብሎ ለሚያመነታ ሰው ኬሚስትሪ መልስ የለውም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የኅብረተሰቡን ባህልና እምነት የሚያውቅ፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በእኔ እይታ ይህ ሙያ ዘወትር ዘግይቶ ይጠራል።

«ኦሞ አንድ»ን ለመረዳት ቆፋሪው፣ የሰውነት አወቃቀር ምሁሩና የአመድ አጥኚው ከሩቅ መጡ፤ አጽሙ ቸኩሎ አያውቅምና ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቃቸው። እዚህ ከተቀመጣችሁት የጤና ተማሪዎች አንዳችሁ ነገ በአንድ ጤና ጣቢያ እግሩ የጎበጠ ሕፃን ይቀርብላችኋል። የዚያን ቀበሌ የጉድጓድ ውኃ የሚመረምርላችሁን ሰው ከአሁኑ ታውቁታላችሁ?