የአባ ማክጊቭኒ ማኅበር በጆርጂያ ምድር

እናንተ የታከር፣ የክላርክስተንና የዲኬተር ልጆች፣ እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ ማኅበር ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ነገሩ የሆነው በዚሁ በአሜሪካ ነውና።

በ1852 ዓ.ም. ዋተርበሪ በምትባል የኮነቲከት የፋብሪካ ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ። ማይክል ማክጊቭኒ አሉት። ወላጆቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አባቱ ነሐስ በሚቀልጥበት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከ13 ልጆች በኩሩ እሱ ነው፤ ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ልጁ ለክህነት ሲማር በ1873 የአባቱ መርዶ ደረሰው። ወደ ቤቱ ተመልሶ ያገኘው እናቱን፣ ታናናሾቹንና ራቱ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ቤት ነው። ትምህርቱን የጨረሰው ጳጳሱ ስለደረሱለት ነበር፤ በ1877 ባልቲሞር ላይ ቀሰሰ።

ከዚህ በኋላ አባ ማክጊቭኒ ናቸው። የተመደቡት በኒው ሄቨን ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያም የገዛ ቤታቸውን ሐዘን በየደጁ አገኙት። ሠራተኛው በፋብሪካ አደጋ ወይም በሳንባ በሽታ በጎልማሳነቱ ይቀጫል። የመንግሥት ድጎማ የሚባል ነገር አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ማሳደጊያ ካጣች ቤተሰቡ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ዘመድ፣ ሌላው ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ። አባ ማክጊቭኒ ለአንድ አባቱ ለሞተበት ልጅ ችሎት ፊት ቆመው ሞግዚት እስከመሆን ደርሰዋል። ግን አንድ ቄስ ለስንቱ ሞግዚት ይሆናል?

ስለዚህ በኦክቶበር 1881 ጥቂት ወንዶችን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰበሰቡ። ሐሳቡን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እድር ነው። አባል ሲሞት የቀሩት ያዋጣሉ፣ ገንዘቡም ለመበለቲቱ ይደርሳል። በማርች 29 ቀን 1882 ማኅበሩ በሕግ ተመዘገበ፤ ስሙም ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ተባለ። ያን ጊዜ ካቶሊኩን «መጤ፣ የሮም ሎሌ» ይሉት ነበርና፣ አሜሪካን አገኘ የሚባለውን ካቶሊኩን ኮሎምበስን መጥራታቸው «እኛም የዚህ አገር ሰዎች ነን» ማለታቸው ነው። አባ ማክጊቭኒ የማኅበሩን ማደግ ብዙም ሳያዩ በ1890 በሳንባ ምች ዐረፉ። ገና 38 ዓመታቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ከታከር ተነስቶ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል የሄደ ሰው ስቶን ማውንቴን ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣው ያ ራቁት ድንጋይ፣ በኖቬምበር 1915 በምስጋና ቀን ምሽት ዊልያም ሲመንስ የሚባል ሰው ተከታዮቹን ይዞ ወጥቶበት፣ መስቀል አቃጥሎ ኩ ክለክስ ክላንን ዳግም አቋቋመበት። ጥላቻው በጥቁሩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ አይሁዱም ካቶሊኩም በዝርዝሩ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጆርጂያ ምክር ቤት የመነኮሳይያት ገዳማትን የሚያስፈትሽ ሕግ አወጣ። ናይትስ «ፕሮቴስታንቱን እንፈጃለን» ብለው ይምሉታል የተባለ የሐሰት መሐላም ታትሞ በየከተማው ይበተን ነበር። በካሊፎርኒያ የፍሪሜሶን መሪዎች ሳይቀሩ የማኅበሩን ሥርዓት መርምረው «ይህ ሐሰት ነው» ብለው መስክረዋል፤ ወሬው ግን አልቆመም። የጆርጂያ ካቶሊኮች በ1916 ሜከን ላይ ተሰብስበው የምእመናን ማኅበር አቋቋሙና ለስድቡ ሁሉ በጨዋ ቃል መልስ ይጽፉ ጀመር።

እዚህ ላይ ዘልዬ የማላልፈው ነገር አለ። የተገፋው ማኅበር ራሱ ገፍቷል። ጥቁር ካቶሊክ ሊገባ ሲጠይቅ በሩ ይዘጋበት ነበር። ለዚህም ነው በ1909 በአላባማ፣ ሞቢል ከተማ፣ አራት ካህናትና ሦስት ምእመናን ናይትስ ኦፍ ፒተር ክሌቨርን ለጥቁር ካቶሊኮች ያቋቋሙት። ስደተኛ የወለደው ማኅበር፣ አብሮት የሚቆርበውን ወንድሙን ደጅ ማቆሙ ያንገበግበኛል። በሌላ በኩል ይኸው ማኅበር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች በከፈታቸው ማረፊያዎች «ሁሉም ይግባ፣ ሁሉም ነገር በነጻ» ብሎ ጽፎ፣ ጥቁሩንም ነጩንም አስተናግዷል። በ1924 ደግሞ የጥቁሩን ምሁር የዱ ቦይስን፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ አስተዋጽኦ የሚናገር መጽሐፍ አሳትሟል። ሁለቱም እውነት ነው።

ወደ ክላን ልመለስ። «ንጉሣዊ ቤተ መንግሥት» የሚሉት ሕንጻቸው በአትላንታ፣ ፒችትሪ መንገድ ላይ ነበር። ክላን ሲደኸይ ሕንጻው ተሸጠ፤ በ1936 ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቦታውን ገዛችው። ዛሬ የክርስቶስ ንጉሥ ካቴድራል የቆመው እዚያ ነው። በ1939 ሲባረክ የክላኑ አለቃ ሂራም ኢቫንስ ተጠርቶ መጣ፤ ተቀምጦም ሥርዓቱን ተከታተለ።

የናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ በር ግን ለጥቁር ካቶሊኮች በቶሎ አልተከፈተም። ጥቂት አባላት በምሥጢር ድምፅ እንቢ ካሉ አንድ እጩ ይወድቅ ነበር። በ1963 ቺካጎ ላይ አንድ የተማረ ጥቁር ካቶሊክ በዚህ መንገድ ሲጣል፣ የዚያ ቅርንጫፍ መሪዎች «እንዲህ ከሆነ እኛም የለንበትም» ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዓመቱ ደንቡ ተለወጠ፤ በአዲሱ ደንብ እጩን ለመጣል የድምፅ ሰጪው ሲሶ መቃወም ነበረበት።

አባ ማክጊቭኒ በ2020 ብፁዕ ተብለዋል። ማኅበራቸው ዛሬ በየአጥቢያው ለልጆች የክረምት ካፖርት ይገዛል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ገንዘብ ይሰበስባል። አባልነቱ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ካቶሊክ ወንዶች ነው፤ የላቲን ሥርዓት ተከታይ መሆን ግን አይጠየቅም። ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው፣ በግእዝ የሚቀድሱት የእኛ ካቶሊኮችም መግባት ይችላሉ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ይጠይቅ።