ነጭ ሽንኩርት፦ ከፈርዖን መቃብር እስከ ቀፊራ ገበያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ ብዙም አይጥምም። ድልህ ሲዘጋጅ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ሽሮ ሲሠራ እሱ አይቀርም። ጉንፋን ለያዘውም ሰው ከፌጦ ጋር ይሰጣል። ለመሆኑ ይህ ተክል ከየት ተነሣ?

የነጭ ሽንኩርት መነሻ መካከለኛው እስያ ነው። ከ3,300 ዓመታት ገደማ በፊት የሞተው የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር እ.ኤ.አ. በ1922 ሲገኝ በውስጡ ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም የፒራሚድ ሠራተኞች ይመገቡት እንደነበር ጽፏል። በኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ የበሉትን ነጭ ሽንኩርት አስታውሰው ማልቀሳቸው ተጽፏል።

ዛሬ ሕንዶች ከዝንጅብል ጋር ይወቅጡታል፤ ቻይናውያን በጋለ ዘይት ያቁላሉታል፤ የደቡብ ፈረንሳይ ሰዎች ከወይራ ዘይት ጋር ለውሰው ማባያ ያደርጉታል። ሽታው የሚወጣው ሲወቀጥ ነው፤ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የተባለውን ውሕድ ይሰጣሉ። እናቶቻችን ሙቀጫ የሚያነሡት ያለምክንያት አይደለም።

ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው የየራሱን ምግብ ይዞ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርት ግን የሁሉም ነበር። ይሁን እንጂ ከተማዋ ቆላማ፣ ተክሉ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ወዳድ ስለሆነ ቀፊራ ገበያ ዓይኑን የሚጥለው በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ገበሬ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ከራሱ ላይ በሚፈለፈለው ፍሬ ስለሆነ በሽታውም አብሮ ይተከላል። በተለይ ሥሩን ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰው የፈንገስ በሽታ አንዴ ማሳ ከገባ እስከ 20 ዓመት በአፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለምግብ የተሸጠውን ገዝቶ መትከል ለአንድ ወቅት ጥቂት ብር ቢያተርፍም የልጅን ማሳ ሊያበላሽ ይችላል።

በመሆኑም አባላት ተከላውን ከታወቀና ከጸዳ ምንጭ በጋራ ቢገዙ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ ፀደይ 92 እና ቢሾፍቱ ነጭ ያሉ ዝርያዎች በትንሽ መደብ ቢሞክሩ፣ በሽታ የታየበትን ማሳም በእህል ቢያፈራርቁ ይመከራል። ማኅበር የሚጠቅመው አንዱ ገበሬ ብቻውን የማይችለውን በአንድነት ለመሥራት ነውና።