ኢያን ሆልም የሸሸው መድረክ

ብዙዎቻችን ኢያን ሆልምን የምናውቀው በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ውስጥ ሽማግሌውን ቢልቦ ሆኖ ሲጫወት ነው። እኔ ግን ከሁሉም አሽን ነው የምወደው። በ1979 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በወጣው «ኤሊየን» ፊልም አሽ የመርከቧ የሳይንስ ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ፣ ደረቅ ያለ ሰው። ኋላ ላይ ጭንቅላቱን ሲመቱት ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ለካ ሮቦት ኖሯል! ኩባንያው በድብቅ የሰጠው ትዕዛዝ ፍጡሩን ይዘህ ና፣ ሠራተኞቹ ቢያልቁም ግድ የለም የሚል ነው። ኮድ እየጻፍኩ ለምኖረው ለእኔ ይሄ ከጭራቁ በላይ ያስፈራል። አሽ እኮ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ይህን ፍርሃት የማያውቅ ማሽን የተጫወተው ሰው ግን ራሱ ከፍርሃት የሸሸ ነበር።

ሆልም የቲያትር ልጅ ነው። በ1950ዎቹ ስትራትፎርድ ገብቶ ከጥቃቅን ሚናዎች ጀመረ፤ በ1965 በሃሮልድ ፒንተር «ዘ ሆምካሚንግ» ሌኒን ተጫወተ፣ በ1967 ኒውዮርክ ላይ ለዚሁ ሚና የቶኒ ሽልማት አገኘ። ከዚያ 1976 መጣ። የዩጂን ኦኒልን «ዚ አይስማን ካሜዝ» ከመመረቁ በፊት ለተመልካች እያሳዩ ሳለ መድረክ ላይ መቀጠል አቃተው። ትቶ ወጣ። ከሞላ ጎደል ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ከመድረክ ራቀ።

እኔ እንደሚመስለኝ ካሜራና ማይክሮፎን አዳኑት። ፊልም ላይ ከተሳሳትክ እንደገና ይቀረጻል። መድረክ ግን ቀጥታ ፕሮዳክሽን ላይ እንደመሥራት ነው፤ የሚያይህ ሰው ፊትህ ተቀምጧል። በ1981 ብቻ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» ላይ አሠልጣኙን ሳም ሙሳቢኒን ተጫወተ (ኋላም ለኦስካር ታጨበት)፣ በቢቢሲ ሬዲዮ ደግሞ ፍሮዶን ተጫወተ። (አዎ፣ ቢልቦ ከመሆኑ ሃያ ዓመት በፊት ፍሮዶ ነበር።)

በ1993 በፒንተር «ሙንላይት» ተመለሰ። በ1997 ደግሞ፣ በ65 ዓመቱ፣ ንጉሥ ሊርን ሊጫወት ወጣ፤ በለንደኑ ናሽናል ቲያትር፣ ከሦስቱ አዳራሾች ትንሹ በሆነው ኮተስሎ። አዘጋጁ ሪቻርድ አይር ነበር። ትንሽ አዳራሽ ማለት ተመልካቹ የተዋናዩን ትንፋሽ የሚሰማበት ማለት ነው። በማዕበሉ ትዕይንት፣ ያ ከሰው ዓይን የሸሸ ሰው፣ ልብሱን በሙሉ አውልቆ ራቁቱን መሃላቸው ቆመ።