የስታርክራፍት ጨዋታና የተጫዋቾቹ ክርክር

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ እንድንጽፍ ዕድል በተሰጠን ጊዜ የመረጥነው ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ርእሱን ስንናገር አንዳንድ መምህራኖቻችን ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ዳሩ ግን ይህ ጨዋታ ከወጣ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ዛሬም የሚጫወቱትና የሚከራከሩበት ሰዎች ስላሉ፥ እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። በተለይ የተከታተልነው ተጫዋቾቹ በየጊዜው የሰጡትን አስተያየት ነው። ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ቢሆንም፥ ዛሬ ያለውን መልክ ያስያዘው የእነርሱ ክርክር ሆኖ አግኝተነዋልና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። በቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በስታርክራፍት ግን ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ባላጋራዎች በአንድ ጊዜ ማዕድን ያስቆፍራሉ፥ ሕንፃ ያሠራሉ፥ ጭፍራ ያሰለጥናሉ፥ ይዋጋሉም። የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በሰንጠረዥ መጀመሪያ፥ ወረራ በሚባለው ክፍል፥ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበርና። በስታርክራፍት ወረራው እስከ ፍጻሜ ይቀጥላል እንበል።

ይህን የመሰለውን የጨዋታ ዐይነት በይበልጥ ያስተዋወቀው ዌስትዉድ የተባለው ኩባንያ በ1992 ያወጣው ዱን 2 ነው። ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያው ብሊዛርድ በ1994 ዋርክራፍትን፥ በ1995ም ሁለተኛውን ዋርክራፍት አወጣ። እነዚህ ሁለቱ ሰዎችና ኦርክ የሚባሉ አስፈሪ ፍጡራን የሚዋጉባቸው ነበሩ። በ1996 ኩባንያው በሎስ አንጀለስ በተደረገው የጨዋታዎች ትርኢት ላይ ስታርክራፍትን ባሳየ ጊዜ ግን ያዩት ሰዎች አልተደሰቱም፤ «ጠፈር ላይ የወጡ ኦርኮች» እያሉ ቀለዱበት። ይኸውም የድሮውን ጨዋታ ልብስ ቀይራችሁ አመጣችሁልን ማለታቸው ነበር። ሠሪዎቹ ነቀፌታውን በኩራት አልገፉትም። የጨዋታውን ውስጣዊ አሠራር እንደ ገና ሠርተው በመጋቢት 31 ቀን 1998 ለገበያ አቀረቡት፤ በዚያም ዓመት በዓለም ላይ ከኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው እርሱ ሆነ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች ሁለቱ ጠላቶች በስምና በመልክ ይለያዩ እንጂ በኀይል እምብዛም አይለያዩም ነበር። በስታርክራፍት ግን ሦስት ወገኖች አሉ፤ አንዱም ሌላውን አይመስልም። ቴራን የሚባሉት ከምድር የተሰደዱ ሰዎች ሲሆኑ ሕንፃዎቻቸውን ከመሬት አንሥተው ያበርራሉ። ዘርግ እንደ አንበጣ የሚርመሰመሱ ናቸው፤ ከአንድ ዕንቁላል ሁለት ትንንሽ ተዋጊዎች ይፈለፈላሉ። ፕሮቶስ ጥንታውያንና ጥበበኞች ናቸው፤ ቍጥራቸው ጥቂት፥ ዋጋቸው ውድ ነው። ታዲያ እንዲህ የተለያዩ ሦስት ሠራዊቶች እንዴት በእኩልነት ሊዋጉ ይችላሉ? የተጫዋቾቹ የመጀመሪያ ክርክር ይህ ነበር። የተለመደው አስተያየት ቴራን ዘርግን፥ ዘርግ ፕሮቶስን፥ ፕሮቶስ ደግሞ ቴራንን በጥቂቱ ይበልጣል የሚል ነው። የተሸነፈ ሁሉ ግን ጥፋቱን በወገኑ ድካም ማሳበቡ አልቀረም። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ለሦስት ተከፍለን ሁለት ከሰዓት በኋላ በዚሁ አጥፍተናል።

ኩባንያው በ1998 መጨረሻ ብሩድ ዋር የተባለውን ተጨማሪ ክፍል አወጣ፤ በ2001ም የጭፍሮቹን ዋጋና ኀይል አስተካክሎ፥ ያለቀን ግጥሚያ መልሶ ለማየት የሚያስችል ዘዴ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ የወገኖቹን ሚዛን መንካት ተወ ማለት ይቻላል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሚዛኑን የመጠበቁን ሥራ በደቡብ ኮሪያ ውድድሮቹን የሚያዘጋጁት ሰዎች ያዙት። ሕጉን ሊለውጡ ሥልጣን ስላልነበራቸው የጦር ሜዳውን ለወጡ። አንድ ወገን አለልክ የበረታ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ካርታ ላይ መግቢያው ይሰፋል ወይም ይጠባል፥ ማዕድኑ ይርቃል ወይም ይቀርባል። ስለዚህም ጨዋታው ራሱ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት ብዙ ዓመት ሲታደስ ኖረ።

ጨዋታው በኮሪያ እንዲህ ሥር የሰደደበት ምክንያት አለው። በ1997 የእስያ የገንዘብ ችግር ያችን አገር በመታት ጊዜ ብዙ ሰዎች ከሥራ ወጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ፒሲ ባንግ የሚባሉትን፥ በሰዓት እየተከፈለ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙባቸውን ቤቶች ከፈቱ። መንግሥቱም ፈጣን ኢንተርኔት በየከተማው አስዘረጋ። ወጣቶቹ በእነዚህ ቤቶች ተሰበሰቡ፤ ከ2000 ጀምሮም ለጨዋታ ብቻ የቆመ የቴሌቪዥን ጣቢያና የባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበር ነበራቸው። የቴራኑ ሊም ዮ ሁዋን እንደ ታላቅ የኳስ ተጫዋች ተከበረ። በ2004 በቡሳን ከተማ በጓንጋሊ ባሕር ዳር የተደረገውን የፍጻሜ ግጥሚያ ለማየት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ወጣ ተነግሯል። በ2007 ደግሞ የአገሪቱ አየር ኀይል የራሱን ቡድን አቆመ።

በዚያው በ2007 ብሊዛርድ ሁለተኛውን ስታርክራፍት እየሠራ መሆኑን በሴውል አስታወቀ፤ ጨዋታውም በ2010 ወጣ። ታላቁ ጠብ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። በድሮው ጨዋታ በአንድ ጊዜ ሊታዘዙ የሚችሉት 12 ጭፍሮች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ በእጅ ወደ ማዕድን መላክ አለበት፤ ሕንፃዎችም አንድ በአንድ ይታዘዛሉ። ስለዚህ የባለሙያው እጅ በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ ይሰጣል። አዲሱ ጨዋታ ይህን ሁሉ አቀለለው። ደጋፊዎቹ «እጅ ከሚደክም አእምሮ ይሥራ» አሉ። ተቃዋሚዎቹ ግን ድካሙ ራሱ ጨዋታው ነው ብለው መለሱ፤ ሁሉንም ማድረግ የሚችል ሰው ስለሌለ፥ ምኑን ልተው ብሎ መምረጥ ከስልት ሁሉ የሚበልጥ ስልት ነውና። ሠራዊቱም በአዲሱ ጨዋታ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፥ የአንድ ሰዓት ሩብ ልፋት በጥቂት ሴኮንድ ግጭት ያልቃል እያሉ አማረሩ። እኛ ወደ ተቃዋሚዎቹ እናዘነብላለን፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ የድሮውን ለመልመድ ሞክሮ በሳምንቱ እንደ ተወው ሳንደብቅ እንናገራለን።

ሌላው ቅሬታ ከዚህ የጠለቀ ነበር። በአዲሱ ጨዋታ፥ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ክፍል ያሉትን ኮምፒዩተሮች አገናኝቶ መጫወት ቀረ፤ ተጫዋቾች ፊርማ አሰባስበው ቢለምኑም ኩባንያው አልተቀበላቸውም። በዚሁ ጊዜ በኮሪያ ውድድሮቹን በቴሌቪዥን የማሳየት መብት የማን ነው በሚለው ነገር ብሊዛርድና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተከራከሩ። ኳሱን የሰፋ ሰው የጨዋታው ጌታ ነውን? ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። እርግጥ ኳስን ማንም አልደረሰውም፤ ይህንን ግን ደክሞ የጻፈው ሰው አለ፤ ስለዚህ ኩባንያው መብት የለውም ለማለት አንደፍርም። ክርክሩ በ2011 በስምምነት ቢፈታም የድሮው ጨዋታ ብርታት ያን ጊዜ እየደከመ ነበር። በ2010 አንዳንድ ባለሙያዎች ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው እንደ ተሸነፉ ታውቆ ነበርና የሕዝቡ እምነት ተጎድቷል። በ2012 ታላላቆቹ ሊጎች ወደ አዲሱ ጨዋታ ተዛወሩ።

ተጫዋቾቹ ግን አልተዛወሩም። ከሙያው የወጡት አያሌዎቹ በየቤታቸው ሆነው የድሮውን ጨዋታ በኢንተርኔት ማሳየት ቀጠሉ፤ ተመልካቹም ተከተላቸው፤ በ2016ም አዲስ ሊግ ተጀመረ። ኩባንያው ይህን አይቶ በ2017 የ1998ቱን ጨዋታ በጠራ ሥዕልና ድምፅ አድሶ አወጣው፤ የምረቃውንም በዓል ያደረገው በዚያው በጓንጋሊ ባሕር ዳር ነው። በሥራው ጊዜ የቀድሞ ባለሙያዎችን አስተያየት ጠይቆ ነበርና ሕጉን ምንም አልነካውም። ጭፍሮቹ ዛሬም የሚታዘዙት ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየሆኑ ነው። ድራጉን የሚባለው ባለአራት እግሩ የፕሮቶስ ተዋጊም መንገድ ማግኘት የማይሆንለት በመሆኑ ለሃያ ዓመት ሲሰደብ የኖረ ነው፤ እርሱም ሳይታረም ቀርቶ በየድልድዩ አፍ ላይ እንደ ድሮው ይደናገራል።