እሳቱ የዘለላቸው ጥዶች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ በተለይ፤ በቧንቧችሁ ከሚወርደው ውሃ ከፊሉ ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ተራራ ያልፋልና።

ቀኑ ሰኔ 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 2002። ዴንቨር ያለችባት ኮሎራዶ በድርቅ ከስላለች። ሄይማን የተባለው ሰደድ እሳት ያን ዕለት ተነሣ። በማግስቱ ነፋሱ አበደና እሳቱ በአንድ ቀን ብቻ 24 ሺህ ሄክታር ያህል ጋለበ። ሲያበቃ ወደ 56 ሺህ ሄክታር አዳርሷል፤ 133 መኖሪያ ቤት አመድ ሆኗል። ቺዝማን በሚባለው የዴንቨር የውሃ ግድብ ዙሪያ ለመቶ ዓመት ገደማ መጥረቢያ ሳይነካው የኖረው ደን እንኳ በአብዛኛው ነደደ።

ታዲያላችሁ፣ ደን ነደደ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው አንድ ወጥ ጥቁር ሜዳ ነው። እሳት ግን መራጭ ነው። ይህን ሸንተረር ጠራርጎ የሚቀጥለውን ይዘለዋል። ሰሜን የሚያየው ተዳፋት ፀሐይ ስለማትበረታበት እርጥበቱን ይቋጥራል፤ የወንዝ ዳር እንዲሁ። ቋጥኝ በበዛበት የሚነድ የለም። ነፋሱ ድንገት ሲዞር የሚተርፍም አለ፤ ያ እንግዲህ ዕድል ነው። ፖልሂመስ በተባለው ቦታ ደግሞ የደን ሠራተኞች ከወራት በፊት አስበውበት በቁጥጥር ያቃጠሉት መሬት ነበር፤ ሄይማን እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ጉልበቱ ከዳው። እሳትን እሳት ሲመልሰው አያስቅም?

የአገሩ ዛፍ ፖንደሮሳ የሚሉት ጥድ ነው። ሽማግሌው ቅርፊቱ ወፍራምና ብርቱካንማ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ አፍንጫችሁን ብታስገቡ ቫኒላ ቫኒላ ይላችኋል። የታች ቅርንጫፎቹን እያራገፈ ስለሚያድግ፣ በሣር ላይ የሚሄድ እሳት እግሩን ለብልቦት ያልፋል። እሳቱ አናቱ ላይ ከወጣ ግን አለቀለት።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሎጅፖል የተባለው ዘመዱ ዘሩን በሙጫ ዘግቶ እሳት እስኪከፍትለት የሚጠብቅበት ብልሃት አለው። ፖንደሮሳ ይህ የለውም፤ ከጉቶውም አያቆጠቁጥ። ዘሩ በሕይወት ከቆመ እናት ዛፍ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ክንፍ ቢኖረውም ርቆ አይሄድም፤ ከእናቱ 50 ሜትር ያህል ካለፈ ቡቃያው እየሳሳ ይሄዳል። የኳስ ሜዳ እኩሌታ መሆኑ ነው! ያውም ዛፉ በየዓመቱ ደህና አያፈራም፤ ያፈራበት ዓመት ደግሞ ከዝናብ ጋር መግጠም አለበት።

ስለዚህ እሳቱ የዘለላት አንዲት ቁራጭ ደን ዋጋዋ ከስፋቷ በላይ ነው። በዳርዋ ችግኝ ይበቅላል፤ ችግኙ አድጎ በተራው ያፈራና ደኑ ወደ ተቃጠለው ይገፋል። አካሄዱ የኤሊ ነው። ከአረንጓዴው የራቀው መሐል ግን ሃያ ዓመት አልፎትም ሣርና ቁጥቋጦ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ዛፍ ያጣው ተዳፋትማ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠጠርና አሸዋውን ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ሲያወርድ ከረመ፤ ከተማዋም ለጠረጋው ብዙ ገንዘብ አፈሰሰች።

ከእሳት ማግስት ግን ሰው መጋዝ ይዞ ይመጣል። የቆመውን ሁሉ እንደ ትራፊ አይቶ፣ ሊሞት ነው ብሎ፣ በሕይወት ያለውንም አብሮ ይጥላል። እኔ ይህን ችኮላ አልወድም። ነገሩ የገባቸው የደን ባለሙያዎች መጀመሪያ የተረፈውን በካርታ ይለያሉ። ለእናት ዛፎቹ የቀረበውን ለእነሱ ይተዉና ችግኛቸውን ተሸክመው ዘር ወደማይደርስበት ወደ መሐል ይዘልቃሉ፤ እዚያም ጥቂት ጥቂቱን አንድ ላይ አድርገው ይተክላሉ፤ ያ ሲያድግ ለዙሪያው ዘር ይሆናል።