ክብደትና ቁልቁለት በኮንጋ ምድር

ከይርጋጨፌ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ተዳፋት ላይ የተቀመጠችው ኮንጋ በቡናዋ ስሟ ባሕር ተሻግሮ የሚጠራ አገር ስትሆን፣ ስለ ፍሬው ጣዕምና መዓዛ ብዙ ተብሎላት ሳለ፣ ያ ፍሬ ከዛፉ ተለቅሞ ገበያ እስኪደርስ ድረስ በማን ትከሻና በስንት ድካም እንደ ተጓዘ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን የዚህች ምድር ዜና መዋዕል በክብደትና በቁልቁለት ተለክቶ ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ኮንጋ ባለችበት በጌዴኦ ምድር የኖረ ሰው ከክብደት ጋር መታገል የጀመረው ቡና ለገበያ ከመዋሉ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቱቲና በሳካሮ ሶዶ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ምስክር ናቸው፤ የሳካሮ ሶዶዎቹም ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት እስከ አንደኛው ምእት ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ተመልሷል። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን፣ አራት ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ተጋድሞ ሳለ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚሻ ሰው የክብደቱን ማእከል ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ አለበትና፣ 39,000 ጁል የሚያህል ሥራ ከክንድ ይጠየቃል፤ መፈንቅልም ሆነ የአፈር ተዳፋት በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገውን ጉልበት ያሳንሳል እንጂ ከጠቅላላው ሥራ ቅንጣት አይቀንስም።

ወደ ቡናው እንመለስ። ማጠቢያ ሳይመጣ፣ ፍሬው በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ብቻ በሚሆንበት ዘመን፣ ቅርፊቱን ከፍሬው የሚለዩት ሙቀጫና ዘነዘና ነበሩ፤ ሸክሙም በአብዛኛው በሴቶች ክንድ ላይ ያረፈ ነበር። የዘነዘናው ክብደት አራት ኪሎ፣ የሚነሣበትም ከፍታ አንድ ሜትር ቢሆን፣ አንዲት ሴት በአንድ ማንሣት የምታኖርበት እምቅ ኃይል ወደ 39 ጁል ይጠጋል፤ ዘነዘናው ሲወርድ ይህ እምቅ ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል፣ ከጀንፈሉ ላይ ሲያርፍም ቅርፊቱን ይሰብራል፣ የተረፈውም ድምፅና ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ከባዱ ዘነዘና ከቀላሉ ፈጥኖ አይወድቅም፤ ይህንም ከጋሊሊዮ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ በስድስተኛው ምእት ዓመት የእስክንድርያው ሊቅ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ሲመረምር አስተውሎታል፤ ከባዱ የሚበልጠው ሲያርፍ በሚሠራው ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጁል እ.ኤ.አ. በ1845 በሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ አዙሮ የውሃውን መሞቅ በለካ ጊዜ ያጸናው ምሥጢር፣ ማለትም የወደቀ ክብደት ሥራ እንደማይጠፋና ሙቀት ሆኖ እንደሚገኝ፣ በየጓሮው ሙቀጫ ሲፈጸም የኖረ ነበር። ለአንድ ጊዜ 39 ጁል ኢምንት ነው፤ ይሁን እንጂ የሰው ሥጋ ከምግቡ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሩብ ብዙ የማይበልጠውን ስለ ሆነ፣ ሺህ ጊዜ የወቀጠች ሴት ለ39,000 ጁል ሥራ የከፈለችው አራት እጥፍ ያህሉን ነው፤ ይህንም ማንም ጽፎ አላኖረላትም።

መውቀጡ ከንቱ ድካም አልነበረም፤ የጀንፈል ቅርፊት ከክብደቱ ግማሽ ያህል ስለሚሆን፣ ተፈልፍሎ የተጫነ ቡና የበቅሎውን ሸክም በግማሽ ያቃልለዋልና። ቡናው የሚጫንላት የዲላ ከተማ ከኮንጋ ዝቅ ብላ ብትቀመጥም፣ ቁልቁለት የወረደ በቅሎ አይደክምም ማለት አይደለም፤ ስበት ወደ ታች ሲስበው ጡንቻው ሸክሙን እየገታ ኃይል ያወጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ ወደብ ያለው መንገድም ረጅም ነበር፤ የጅቡቲ ባቡር እንኳ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በገባር ሥርዓትም ከምርቱ ድርሻ ለባለ መሬት ይሄድ ስለ ነበር፣ የጌዴኦ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1960 የተነሡበት ቁጣ በዚህ ሁሉ ልፋት ውስጥ ሲጠራቀም የኖረ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የቡና ማጠቢያ ወደዚህ አገር በገባ ጊዜ፣ ሴቲቱ በዘነዘና ትሠራው ከነበረው ብዙው ለማሽንና ለሚወርድ ውሃ ተላለፈ። መፈልፈያው እሸቱን ጨምቆ ቆዳውን ይገፍፋል፤ ሙጫው በገንዳ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተብላልቶ ከለቀቀ በኋላ፣ ፍሬው በዘንበል ባለ ቦይ ይታጠባል። በዚያ ቦይ ውስጥ የሚፈጸመውን ስመለከት መደነቄ አይቀርም፤ ውሃው እየወረደ ሁሉንም ወደ ፊት ይገፋል፣ ጥቅጥቅ ያለው ፍሬ ግን በክብደቱ ሰጥሞ ከቦዩ ወለል ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀላሉ ተንሳፍፎ ያልፋል፤ ስበትና ሰበቃ ያለ ወንፊት ምርጡን ከግርዱ ይለያሉ።

ማጠቢያው ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ማጠቢያ ውሃ ስለሚሻ ከወንዝ አጠገብ፣ በሸለቆ ይተከላል፤ ማሳው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ስለዚህ መቶ ኪሎ እሸት ቁልቁል ወርዶ፣ ታጥቦና በአልጋ ላይ ደርቆ ሲጨርስ ሃያ ኪሎ ያህል ከነገለባው ብቻ ሆኖ ወደ መኪናው መንገድ ሽቅብ ይወጣል። ከባዱን ለቁልቁለት፣ ቀላሉን ለዳገት የሰጠ ይህ አሠራር የታጠበ ቡና ከሚያመጣው የዋጋ ብልጫ ሳይለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ማሳው ከማጠቢያው በታች የሆነበት ገበሬ ግን የዚህ በረከት ተካፋይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ከተመሠረተ ወዲህ ገበሬው በዋጋ ረገድ የሚናገርበት አንደበት አግኝቷል፤ የመረከቢያው ሚዛን ግን ኪሎን እንጂ ከፍታን አያነብም። 60 ኪሎ ተሸክሞ 20 ሜትር የወጣ ሰው በሸክሙ ላይ የሠራው 11,760 ጁል ሲሆን፣ ያንኑ 60 ኪሎ ይዞ 200 ሜትር የወጣው 117,600 ጁል ሠርቷል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዋጋ ይቀበላሉ። የገዛ ሰውነታቸውን ሽቅብ ያወጡበት ድካም በዚህ ላይ አልተቆጠረም። አዲስ ማጠቢያ ወይም መረከቢያ ሲተከል ሹማምንቱና ማኅበሩ ስለ ውሃና ስለ መንገድ እንደሚማከሩ ሁሉ፣ ከየማሳው እስከ ሚዛኑ ያለውን ሽቅብ በሜትር ለክተው ቢያስቡበት፣ ወይም ለሩቁ ዳገት የማጓጓዣ አበል ቢቆርጡለት፣ ፍርዱ ይቀናል።